ስላላለቀሰ ባል
ለሕዝብ ትምህርት የተደረገ ንግግር



አንዲት ሴት በገዛ ቤትዋ ተገድላ በተገኘች ጊዜ የጎረቤቱም፥ የፖሊሱም፥ የጋዜጣውም ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በባልዋ ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ ክፋት አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ 2017 ዓመት ባወጣው ጥናት፥ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉት 87,000 ያህል ሴቶች መካከል 50,000 የሚሆኑት የሞቱት በባላቸው፥ በወዳጃቸው ወይም በሌላ የቤተ ሰባቸው አባል እጅ እንደ ሆነ ተገምቷልና፥ መርማሪ የሆነ ሰው ምርመራውን ከቤት ውስጥ ቢጀምር ሥራውን አወቀ እንጂ ሰው በደለ አይባልም። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።) ስለዚህ እኔ በፊታችሁ የቆምሁት ባል አይጠርጠር ለማለት አይደለም። ልናገር የመጣሁት ጥርጣሬው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ የሚያድግበትን መኖ ነው፤ ይኸውም ሰውየው በዚያች ሌሊት ፊቱ እንዴት ነበረ፥ አለቀሰ ወይስ ዓይኑ ደርቆ ዋለ፥ እጁ ተንቀጠቀጠ ወይስ ረግቶ ተቀመጠ የሚለው ወሬ፥ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ በፍርድ አደባባይ እንደ እውነተኛ ምስክር የቆመ እንደ ሆነ፥ የሰውን ነፍስ እስከ ገመድ ድረስ ሊወስድ መቻሉን ነው።

ነገሩን የማስረዳበት ጉዳይ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ፥ አንፊልድ በሚባለው ሰፈር፥ በዎልቨርተን ጎዳና ቁጥር 29 ቤት ነው። በዚያ ቤት ዊልያም ኸርበርት ዋላስ የሚባል የ52 ዓመት ሰው ይኖር ነበር፤ የፕሩደንሻል ኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ከድኻ ደንበኞቹ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ የሚሰበስብ፥ ቁመቱ ረዥም፥ ሰውነቱ የሳሳ፥ የኵላሊት ሕመም ያደከመው፥ በትርፍ ጊዜው ኬሚስትሪ የሚያጠናና የሚያስተምር፥ ማታ ማታ ቼዝ የሚጫወት፥ ወይም ሚስቱ ጁልያ ፒያኖ ስትመታ እርሱ በቫዮሊን የሚከተላት ጭምት ሰው ነበረ። ከተጋቡ 17 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ጠብ ሲያነሡ ሰማን የሚልም ጎረቤት አልተገኘም።

በ1931 ዓመት ጃንዋሪ 19 ቀን፥ ሰኞ ማታ፥ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ከ15 ደቂቃ አካባቢ፥ የዋላስ የቼዝ ማኅበር ወደሚሰበሰብበት ሲቲ ካፌ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ስሜ ኳልትሮ ነው አለ፤ ዋላስም ገና አልደረሰም ነበርና በማግስቱ በ1 ሰዓት ተኩል በሜንላቭ ጋርደንስ ኢስት ቁጥር 25 ይምጣልኝ፥ ለሥራው የሚጠቅመው ጉዳይ አለኝ ብሎ መልእክት ተወለት። መልእክቱን በወረቀት የጻፈው የማኅበሩ አለቃ ሳሙኤል ቢቲ ሲሆን፥ የዋላስን ድምፅ ለብዙ ዓመታት ያውቀው ስለ ነበረ፥ በኋላ በችሎት ሲጠየቅ ያ ድምፅ የዋላስ ነበር ለማለት ከአእምሮው ብዙ መሞገት እንደሚኖርበት መስክሯል። ነገር ግን ስልኩ የተደወለው ከዋላስ ቤት 400 ያርድ ያህል ብቻ ርቆ ከሚገኝ የሕዝብ ስልክ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ይህም የታወቀው በዚያች ሰዓት መስመሩ እክል አጋጥሞት የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ስለ መዘገበው ነው። ፖሊሶቹም፦ ደዋዩ ራሱ ዋላስ ነው፥ ከቤት ርቆ የነበረ ለመምሰል ራሱን በራሱ ጠራ አሉ።

ማክሰኞ ማታ ዋላስ ትራም እየለዋወጠ ወደተነገረው ስፍራ ሄደ። በዚያ ሰፈር ሜንላቭ ጋርደንስ ኖርዝ አለ፥ ሳውዝ አለ፥ ዌስትም አለ፤ ኢስት የሚባል ግን ከቶ አልነበረም። ዋላስ የትራም ትኬት ቈራጮችን ጠየቀ፤ መንገደኛ ጠየቀ፤ በዘብ ላይ የነበረ ፖሊስ ጠየቀ፤ ሱቅ ገብቶም ጠየቀ፤ በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ ተመለሰ። ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከቤቱ ጓሮ በኩል ቆሞ፥ ለመውጣት የተነሡትን ጎረቤቶቹን ጆንስተንና ባለቤታቸውን አግኝቶ የፊቱም የኋላውም በር እንቢ አለኝ አላቸው። እንደ ገና ቢሞክረው የኋላው በር ተከፈተ። እነርሱን በጓሮ አቁሞ ገባ፤ ፎቁን ፈተሸ፤ ወርዶም የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ከፈተ፤ ከዚያም ወጥቶ ኑና እዩ፥ ገድለዋታል አለ። ጁልያ ከምድጃው ፊት ራስዋ ተቀጥቅጦ ወድቃ ነበረች፤ ደሙ እስከ ግድግዳው ተረጭቷል፤ ከበታችዋም የባልዋ የዝናብ ካፖርት በከፊል ተቃጥሎ ተገኘ። ከገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ 4 ፓውንድ ያህል ጠፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ገጹ ነገር ልምጣ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ፕሮፌሰር ጆን ማክፎል በችሎት ቀርቦ ስለ ደምና ስለ ቍስል ከተናገረ በኋላ፥ የባልየው ጠባይ በዚያች ሌሊት እጅግ እንግዳ ሆኖ እንደታየው መሰከረ። እርሱ አስከሬኑን ሲመረምር ዋላስ ሲጋራ እያጨሰ ገብቶ፥ ጐንበስ ብሎ በኮመዲኖው ላይ ካለው ሳሕን ውስጥ አመዱን አራገፈ፤ ሐኪሙም ከዚህ ሰው ይልቅ እኔ ራሴ በነገሩ የበለጠ ተነክቼ ነበር አለ። በቅድሚያ የደረሰው ፖሊስም ሰውየው የረጋና የቀዘቀዘ ነበር ብሎ መሰከረ። በዚያው ቤት በዚያው ሌሊት የነበሩት ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ጆንስተን ደግሞ፥ ፖሊሶቹ ዘወር ባሉ ጊዜ ዋላስ ራሱን በእጁ ደግፎ ሁለት ጊዜ ሲንሰቀሰቅ ማየታቸውን ተናገሩ። እንግዲህ አንዱ ሰው፥ በአንዲት ሌሊት፥ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ገጽ ነበረው፤ አንደኛውን ያዩት ባለሥልጣኖቹ፥ ሁለተኛውን ያዩት የሚያውቁትና የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው። ሐኪሙ ዐይቶ የመሰከረው ሐሰት ነበር አልልም፤ አመዱ እውነት ተራግፎ ይሆናል። የማዝንበት ነገር፥ በሕክምና ሊቅነቱ ለፍርድ የተጠራ ሰው ስለ ልብ ኀዘን የተናገረውን የግል አስተያየት፥ ሰሚዎቹ ስለ ደም ከተናገረው ሙያዊ ቃል ጋር በአንድ ሚዛን መስፈራቸው ነው።

ዋላስ የስቶይኮችን ፍልስፍና፥ ይልቁንም የሮማውን ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬልዮስን መጽሐፍ ሲያነብ የኖረ ሰው ነበረ፤ ኋላም በጻፈው ላይ በ40 ዓመት ውስጥ ራሱን በብረት እንደሚገራ አድርጎ እንደ ገራና በሰው ፊት ስሜቱን አለማሳየትን እንደ ክብር እንደቈጠረው ገልጿል። ባላገሩ ኀዘንን በሆድ ይዞ መዋል የሚለው ይህ ነው። በጠባዩ ይህን ያህል የታመነ ሰው በሞት ፊት ሌላ ሰው ሆኖ እንዲገኝ መጠበቅ፥ እርሱን ሳይሆን የራሳችንን ልማድ መጠየቅ ነው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን ተያዘ። ከተማው አስቀድሞ ፈርዶበት ስለ ነበረ ጁሪ የሚባሉት 12ቱ ፈራጆች ከሊቨርፑል ውጭ ካሉ ስፍራዎች ተመረጡ፤ በኤፕሪል ወር በቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ለአራት ቀን በተደረገው ክርክር ዐቃቤ ሕጉ ኸመርዲ፥ ጠበቃው ሮላንድ ኦሊቨር፥ ዳኛው ራይት ነበሩ። ዳኛው ለጁሪው በሰጠው ማጠቃለያ ማስረጃው ለፍርድ እንደማይበቃ ያህል አድርጎ ተናግሮ ነበር፤ እነርሱ ግን ከአንድ ሰዓት ያህል ምክር በኋላ ጥፋተኛ ነው ብለው ተመለሱ፤ የሞት ፍርድም ተነበበበት።

ስለ ገጽ የተባለውን ሁሉ አውጥተን በሰዓት ብቻ እንመርምረው። ወተት የሚያመላልሰው ልጅ ጁልያን በሕይወት ቆማ ያያት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በዚህች የሩብ ሰዓት ልዩነት ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ዋላስ ደግሞ ስሚዝዳውን ጎዳና ላይ ትራም ሲሳፈር የትኬት ቈራጩ ያየው በ1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን፥ ከቤቱ እስከዚያ ለመድረስ 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፥ ቢዘገይ ቢዘገይ ከቤቱ የወጣው ለ1 ሰዓት 10 ጉዳይ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጁ ያያት በኋለኛው ሰዓት ከሆነ ለዋላስ የቀረው ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ በፊተኛው ከሆነም 20 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው ሰው ሚስቱን ቀጥቅጦ ገድሎ፥ ግድግዳውን ካለበሰው ደም አንዲት ጠብታ ሳይነካው፥ ካፖርቱን አቃጥሎና አጥፍቶ፥ የመታበትን መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ባልተገኘበት ስፍራ ሰውሮ፥ ገንዘብ ሣጥኑን ከፍቶ መልሶ በቦታው አኑሮ፥ ልብሱን ለብሶ፥ ሳይቻኮል ወደ ትራም መሄድ ነበረበት። ዐቃቤ ሕጉ ለደሙ መልስ ለመስጠት ራቁቱን ሆኖ ካፖርቱን ብቻ ለብሶ ይሆናል የሚል ግምት አቀረበ። መርማሪዎቹ ጕዞውን እየተጣደፉ ለክተው ይቻላል አሉ፤ ተከላካዩ ጠበቃ ግን የለኩት ፈጣን ፖሊሶች እንጂ በሽተኛ የ52 ዓመት ሰው አለመሆኑን አሳየ። ለምን ገደላት ለሚለውም ጥያቄ መልስ የሰጠ ማንም የለም። እኔ መዝገቡን ደጋግሜ ካሰብሁት በኋላ ዋላስ አልገደላትም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የማምነው ስለ ራራሁለት አይደለም፥ ሰዓቱ ስለማይበቃው ነው።

የኩባንያው ሠራተኞች ማኅበር ማስረጃውን ራሱ አስመርምሮ ካመነበት በኋላ ለክርክሩ ወጪ ቆመለት፤ በሊቨርፑል ካቴድራልም የይግባኝ ዳኞቹ ቀና ፍርድ ይሰጡ ዘንድ ጸሎት ተደረገ። ሜይ 19 ቀን 1931 ሎርድ ሂዋርት የሚመሩት የወንጀል ይግባኝ ችሎት ፍርዱ በማስረጃ አይደገፍም ብሎ ሻረው፤ የ1907ቱ የይግባኝ ሕግ ከወጣ ወዲህ የነፍስ ግድያ ፍርድ በዚህ ምክንያት ሲሻር የመጀመሪያው መሆኑን የሕግ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህ ለእንግሊዝ ዳኝነት ክብር ነው፤ ሰውየውን ግን ከእስር ቤት እንጂ ከሰው ዓይን አላዳነውም። ደንበኞቹ በራቸውን ዘጉበት፤ ሰላምታ ከለከሉት፤ ኩባንያው በቢሮ ውስጥ ሥራ ሰጠው፤ እርሱም ሰፈሩን ለቅቆ ከመርዚ ወንዝ ማዶ ብሮምበሮ ወደ ሚባል ስፍራ ተሰደደ። በ1933 ፌብሩዋሪ 26 ቀን በኵላሊቱ ሕመም ሞተ። ገዳዩም አልተያዘም።

እንዲህ ያለ ስሕተት የእንግሊዞች ብቻ መስሎ እንዳይታየን እለምናለሁ። በእኛ አገር ኀዘን የታወቀ ሥርዓት አለው፤ ነጠላ ይዘቀዘቃል፥ ደረት ይደቃል፥ ፊት ይነጫል፥ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ነገር አንድ በአንድ እያነሣች ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች። ሥርዓቱ ለኀዘንተኛው ትልቅ ምሕረት ነው፤ ቃል ያጣበትን ሐሳብ ሌላው ይናገርለታልና። ነገር ግን በዚያው ልክ ሥርዓቱ ለዓይን መለኪያ ሆኖ፥ ዓይኑ እንኳ አልረጠበም፥ የሬሳ ሣጥን ሲወርድ ስልክ ያወራ ነበር፥ ገና ሰልስት ሳይወጣ ጢሙን ተላጨ የሚለው ሹክሹክታ ከድንኳኑ ጓሮ ይነሣል፤ ከሞቱት ወገን የሆነ ሰው ያንን ሰምቶ በልቡ ያኖረዋል፤ ዓመት ሳይሞላ ወሬው ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ያለውን የዳዊትን ታሪክ የምታውቁ ሁሉ አስቡት። ልጁ በታመመ ጊዜ በመሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፥ አለቀሰም፤ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፥ ተቀባ፥ ልብሱን ለወጠ፥ ምግብም አስቀርቦ በላ። ባሪያዎቹ ግራ ተጋብተው ምክንያቱን ጠየቁት፤ እርሱም መለሰላቸው። የባሪያዎቹ ደግነት በዚህ ላይ ነው፤ ያልገባቸውን ጠባይ እንደ ክስ አላነሡትም፥ ጠየቁት እንጂ።

በባል ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ ትክክለኛ ሥራ የሚሠራበት ስፍራም አለ። በ1910 ሐኪም ነኝ ይል የነበረው ክሪፐን የሚባል በለንደን የሚኖር አሜሪካዊ ሚስቱ ከጠፋች በኋላ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደች፥ ኋላም በዚያ ሞተች ብሎ ለወዳጆችዋ ነገራቸው፤ ጌጥዋንም አስያዘ፤ በቢሮው የምትሠራው ወዳጁ የሚስቱን የደረት ጌጥ አድርጋ በግብዣ ላይ ታየች። የሚስቱ ወዳጆች በዚህ ተነሥተው ወደ አሜሪካ እየጻፉ ቢጠይቁ የሞተችበት ስፍራ አልተገኘም፤ ለለንደን ፖሊስ፥ ለስኮትላንድ ያርድም አመለከቱ። መርማሪው ዋልተር ዴው ቤቱ ሄዶ ከጠየቀው በኋላ ክሪፐን ወዳጁን ወንድ ልጅ አስመስሎ አልብሶ ወደ ካናዳ በምትሄደው ሞንትሮዝ በምትባል መርከብ ሸሸ፤ የመርከቡ ካፕቴን ግን ጠርጥሮ በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አስታወቀና ጁላይ 31 ቀን ተያዘ። በዚህ ነገር ውስጥ የፊት ነገር ምንም የለም፤ ክሪፐን ገራምና ትሑት ሰው ነበር ተብሎ ይነገራልና። የተገኘው ነገር ሊፈተን የሚችል ቃልና ሊታይ የሚችል ሥራ ነበር፤ ሞተች ያለበት ስፍራ፥ ያስያዘው ጌጥ፥ የተሳፈረበት መርከብ። በ2007 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቤቱ ምድር ቤት የተገኘው ሥጋ የሚስቱ አይደለም የሚል ውጤት ማውጣታቸውን አልሰውርም፤ ክርክሩ እንደ ገና የተከፈተውም በሚፈተን ነገር ላይ ነውና።

የዚህ ግልባጭ የሆነው፥ እንባውን አምኖ ሥራውን ያልመረመረ ፍርድ የተሰጠው፥ በ1989 በቦስተን ከተማ ነው። ኦክቶበር 23 ቀን ቻርልስ ስቱዋርት የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ከሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ስለ ወሊድ ከሚሰጥ ትምህርት በመኪና ሲመለሱ፥ እርስዋ ራስዋን፥ እርሱ ሆዱን በጥይት ተመቱ። ስቱዋርት በመኪናው ስልክ ለፖሊስ ደውሎ አንድ ጥቁር ሰው ገብቶ መታን አለ፤ 13 ደቂቃ የፈጀው የጭንቅ ድምፁ በሬድዮና በቴሌቪዥን ተሰማ። ሚስቱ ሞተች፤ በቀዶ ሕክምና የወጣው ልጅም ከ17 ቀን በኋላ ተከተላት። እርሱ ሐኪም ቤት ተኝቶ የጻፈላት የስንብት ደብዳቤ በቀብርዋ ላይ ተነበበ፤ ሰሚው ሁሉ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፖሊስ ሚሽን ሂል በሚባለው ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ወጣቶችን በየመንገዱ እያስቆመ ልብሳቸውን እያስወለቀ ይፈትሽ ነበር፤ በተራ አንድ፥ ከዚያም ሌላ ንጹሕ ሰው ገዳይ ተብሎ ተጠረጠረ፤ ስቱዋርትም በዲሴምበር መጨረሻ በተሰለፉ ሰዎች መካከል አንዱን ይህ ነው ሲል መረጠ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1990 ወንድሙ ገዳዩ ራሱ ስቱዋርት መሆኑን ለፖሊስ ተናገረ፤ በማግስቱ ስቱዋርት ከቶቢን ድልድይ ላይ ራሱን ወርውሮ ሞተ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር፥ ያ የስልክ ድምፅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፖሊሶቹ እጅ የነበረ መሆኑ ነው። የተደወለበት ሰዓት፥ መኪናው የቆመበት ስፍራ፥ ጥይቱ የገባበት አቅጣጫ፥ ሽጉጡ የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ሊመዘን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ኀዘንተኛው በሰው ዓይን የሚጠበቀውን ኀዘን ስላሳየ፥ ጥያቄዎቹ ወደ እርሱ ሳይደርሱ ሚሽን ሂል ገቡ፤ በዚያም ሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ለመላክ ፈሩ። የቦስተን ከተማ ከንቲባ ሚሼል ዉ በከተማዋ ስም ያለ በደላቸው ለተጠረጠሩት ለሁለቱ ሰዎች ይፋ ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2023 ነው፤ ነገሩ ከሆነ 34 ዓመት በኋላ ማለት ነው።